ጓጉንቸሯ የት ሄደች? የአክስቴ ስልክና የባንክ ገጽ

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ ባላችሁበት እንደምን ናችሁ?

ትናንት አንዷ እህታችን «የባንኬን ገጽ ስከፍት ከአድራሻው ጎን የነበረችው ጓጉንቸር የለችም፤ ተጠልፌ ይሆን?» ብላ ጠይቃ ነበር። እህቴ፣ አይዞሽ። ገጹን የምትከፍቺበት መተግበሪያ፣ ክሮም፣ ራሱ ነው ያነሳት፣ በፈረንጅ 2023 መስከረም ላይ። በቦታዋ ሁለት አጫጭር መስመሮች ከነክቦቻቸው ያሉበት ምልክት ገብቷል። ሰው ጓጉንቸሯን ባየ ቁጥር «ይሄ ታማኝ ነው» እያለ ስለሚሳሳት ነው የቀየሯት።

ጓጉንቸሯ የምትነግርሽ ከስልክሽ እስከዚያ ዌብሳይት የሚሄደው ነገር መታሸጉን ነው። መንገድ ላይ ማንም ከፍቶ አያነበውም። ግን የታሸገ ፖስታ ሌባ ቤትም ይደርሳል። ለዚህ እሽግ የሚያስፈልገውን ሰርተፍኬት፣ ማለትም የዌብሳይቱን ዲጂታል መታወቂያ፣ ማውጣት ዛሬ ቀላል ነው፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል ተቋም ከፈረንጅ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ይህ ለሁላችንም የጠቀመ ሥራ ነው። ብቻ የሚጣራው ጠያቂው አድራሻውን በእጁ ማድረጉ እንጂ ጨዋነቱ አይደለም። ስለዚህ አጭበርባሪውም ጓጉንቸር አለው።

ዋናው ነገር ስሙን ማንበብ ነው። ከ«https://» ቀጥሎ ከሚመጣው የመጀመሪያ እዝባር (/) በፊት ያለውን ከኋላ ወደፊት አንብቡት። አድራሻው «የባንካችሁ ስም ነጥብ ሂሳብ ማደሻ ነጥብ ኮም» ቢል ባለቤቱ «ሂሳብ ማደሻ» የሚባለው ነው፤ የባንካችሁ ስም ፊት የተለጠፈ ማታለያ ነው። በ«ኮም ነጥብ ኢቲ» የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ከሁለቱ በፊት ያለውን ቃል እዩ። በኤስኤምኤስ ከመጣ ሊንክ ገብታችሁ ፓስወርድ አትሙሉ፤ አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉት።

አሁን ቤተሰባችንን የሚነካውን ልንገራችሁ። ባለፈው ጥምቀት ደብረ ብርሃን ነበርኩ፤ ብርዱን ታውቁታላችሁ። አክስቴ ጋ ከሰሉን ከበን ተቀምጠን፣ የላክሁላት ብር መግባቱን ልታይ ፈለገች። የባንኩን ገጽ ስትከፍት ቀይ ማስጠንቀቂያ መጣ። «ብሩ ተበላ ማለት ነው?» አለችኝ፣ ድምፅዋ ወርዶ። የአጎቴ ልጅ ስልኩን ተቀብሎ «ይሄ ሁሌም ይመጣል፣ እዚህ ጋ ስትጫኚው ያልፋል» ብሎ ሊጫን ሲል እጁን ያዝሁት።

ጥፋቱ የባንኩ አልነበረም። ስልኩ ላይ የተሞላው ዓመት 2018 ነበር። በኛ አቆጣጠር ልክ ነው፤ ልጁ በቅንነት ነው ያስተካከለላት። ለስልኩ ግን ያ በፈረንጅ ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው። ሰርተፍኬት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ከፈረንጅ 2020 መስከረም ጀምሮ ከ398 ቀን በላይ የሚያገለግል አይሰጥም ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ይበልጥ አጥሯል። እና የአክስቴ ስልክ የባንኩን ሰርተፍኬት ሲያየው ገና ያልተሰጠ ሆነበት። ቀኑን «በራሱ ይስተካከል» ወደሚለው መለስሁት፣ ገጹም ተከፈተ፣ ብሩም ነበረ።

እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ፣ ቤት ስትደውሉ የስልካቸውን ዓመት ጠይቁ። በተለይ መንዝም ይሁን ሸዋ ሮቢት፣ እናትና አባት በልጅ እጅ ስልክ የሚያስከፍቱበት ቤት ሁሉ። ቀኑ ልክ ሆኖ ማስጠንቀቂያው ከመጣ ግን «ቀጥል» የሚለውን አያስነኳቸው። ዋይፋዩን ዘግተው በዳታ ይሞክሩት። እንደገና ከመጣ ገጹን ትተው ባንኩን በአካል ይጠይቁ። ልጁ ያለው «ሁሌም ይመጣል» እስካሁን ያስጨንቀኛል። ስንት ጊዜ ተጭኖ አልፎ ይሆን?

እህቴ፣ አዲሷን ምልክት ነክተሽ የሚታይሽን የአድራሻ ስም እዚህ ጻፊልን፤ አብረን እናየዋለን። ፓስወርድሽንና በስልክ የሚመጣልሽን ኮድ ግን ለኛም አትንገሪ።