የደም ውጤቱ «ደህና ነው» ይላል፣ የእናቴ ትንፋሽ ግን አልተመለሰም

እባካችሁ፣ የምታውቁ እርዱኝ። ግራ ገብቶኛል።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ትቆማለች። መደገፊያውን ጭምድድ አድርጋ ይዛ፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች። ሌሊት ሦስት ትራስ ደርባ ነው የምትተኛው። ደም ግፊት አለባት፣ ክብደቷም ከፍ ያለ ነው።

የልብ አልትራሳውንድ ተነሣች። ልቧ ደም የመርጨት አቅሙ 60 በመቶ ነው፣ ጥሩ ነው ተባልን። ነገር ግን ከጨመቀ በኋላ በደንብ አይላላም፤ የግራው የላይኛው ክፍልም ሰፋ ብሏል። ከዚያ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የሚባል፣ የልብ ድካም መኖሩን ለማጣራት የሚረዳ የደም ምርመራ ታዘዘ። ውጤቱ 98 ፒኮግራም በሚሊሊትር። ወረቀቱ ከ125 በታች ደህና ነው ይላል። ሐኪሙም «ልቧ አይደለም» ብሎ ሸኘን።

እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ምርመራው የሚለካውን ንጥረ ነገር ልብ የሚያመነጨው ግድግዳው ሲወጠር ነው። ውፍረት ያለበት ሰው ላይ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ዕድሜ፣ የኩላሊት ድክመትና የልብ ምት መዛባት ደግሞ ከፍ ያደርጉታል። ደሙ የተቀዳው ደግሞ ቁጭ ብላ፣ አርፋ ሳለ ነው። የሚያፍናት ስትንቀሳቀስ ነው!

በእሷ ክብደት 98 በእርግጥ ከልብ ድካም ነጻ ናት ያሰኛል? ጋሌክቲን-3 እና ኤስቲ2 የሚባሉት፣ በደም የሚለኩ የልብ ጠባሳ ጠቋሚዎችስ እዚህ ላይ ይረዳሉ ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው? ወይስ እየተንቀሳቀሰች የሚደረገውን የልብ አልትራሳውንድ ልጠይቅ? ሐኪሙን ሳላስቀይም እንዴት ብዬ ላንሳው? ቀጠሮዋ ሰኞ ነው።