«ድንገተኛ ስብራት» ወይስ «በራሱ መሰበር»?

ጀማሪው፦ የፊዚክስ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ እየተረጎምኩ ሳለ «spontaneous symmetry breaking» የሚል ሐረግ አላላውስ አለኝ። ሲሜትሪ ማለት አንድን ነገር ብናዞረው ወይም ብናንቀሳቅሰው እንደነበረ መቅረቱ ነው። «ድንገተኛ የሲሜትሪ ስብራት» ብዬ ጻፍኩ፤ መልሼ ሳነበው የወጌሻ ጉዳይ መሰለኝ። እንዴት ላርመው?

ማግኔት፦ ጥፋቱ «ድንገተኛ» ላይ ነው። ሐረጉ የሚናገረው ስለ ፍጥነት አይደለም፤ ከውጭ የገፋው የለም ማለት ነው። ብረትን ተመልከቱ። ከ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶች ወደየአቅጣጫው ይዞራሉ። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ በየመንደራቸው ወደ አንድ ወገን ይሰለፋሉ። የትኛው ወገን እንደሚሆን ያዘዘ የለም። ሕጉ ዛሬም ለሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው፤ ያደላው ብረቱ ነው።

የቀለም ቀንድ፦ እንግዲያው ግሱ በእጃችን ነው። «ብርጭቆው ተሰበረ» ሲባል ሰባሪ መኖሩ ግድ አይደለም። «ሕጉ ተጣሰ» ሲባል ግን «ማን ጣሰው?» ይከተላል። ስለዚህ መግነጢሳዊ መስክ ከውጭ አምጥተን ብረቱን ወደ አንድ ወገን ስናስገድደው «ሲሜትሪው ተጣሰ»፣ ማንም ሳይነካው ሲሆን «በራሱ ተሰበረ» እንበል።

ማግኔት፦ ይህን ወድጄዋለሁ። በእንግሊዝኛው ሁለቱም «መሰበር» ናቸው፤ የእኛ ይበልጣል።

ጀማሪው፦ ሌላም አለኝ። አንዱ ሲሜትሪ በኅዋው ሁሉ እኩል ስለሚሠራ «አጠቃላይ» (global) ተባለ፤ ሌላው ደግሞ ፅንሰ ሐሳቡ ራሱ ስለ ተለጠጠ «አጠቃላይ» (generalized) ተባለ። ሁለቱ ሲገናኙ «አጠቃላይ አጠቃላይ ሲሜትሪ» ሆነብኝ!

የቀለም ቀንድ፦ ሁለተኛውን «የሰፋ» ይበሉት።

ጀማሪው፦ በመርፌ የሰፋ እንዳይመስል እንጂ።

ማግኔት፦ ክር መኖሩስ አልቀረም። ነባሩ ሲሜትሪ የሚሠራው እንደ ነጥብ በሚታዩ ነገሮች ላይ ነው። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ጋዮቶ፣ ካፑስቲን፣ ሳይበርግና ዊሌት በ2014 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት መንገድ ግን ሲሜትሪ እንደ ክር በተዘረጋ መስመር ላይም ይሠራል። ይህም በራሱ ይሰበራል። የፊዚክስ ሊቁ ጎልድስቶን በ1961 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፣ ቀጣይነት ያለው (እንደ ክብ ዙረት በማንኛውም ትንሽ መጠን የሚሠራ) ሲሜትሪ በራሱ ሲሰበር መጠነ ቁስ የሌለው ቅንጣት ይገኛል። ኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች በሌሉበት ኅዋ የመስመሩ ሲሜትሪ ሲሰበር የሚገኘው ማን መሰላችሁ? ፎቶን፣ የብርሃን ቅንጣት ራሱ!

ጀማሪው፦ «የሰፉ ሲሜትሪዎች በራሳቸው መሰበር» ብዬ አርሜዋለሁ። «ሲሜትሪ»ን እንዳለ ትቼዋለሁ፤ «ተመጣጣኝነት» ቢባል አንባቢው ወደ ሒሳብ ክፍልፋይ ይሄድብኛል።