ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ በኤሌክትሪክ ብስክሌት፦ የገጠሩን ኑሮ እንዴት እናስጎብኝ?

ጠያቂ፦ ታንኳ ቀዛፊ

ጤና ይስጥልን። በባሕር ዳር በአስጎብኚነት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከሁለት የሙያ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን ስድስት የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ልንገዛና እንግዶችን ከከተማው አንሥተን፣ በዓባይ ዳር በጎጃም በኩል ባሉት መንደሮች መካከል እያሳለፍን፣ እስከ ጢስ ዓባይ የምንወስድበትን የአንድ ቀን ጉዞ ልንጀምር አስበናል። ርቀቱ በዋናው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እኛ ግን በተቻለ መጠን ወንዙን ተጠግቶ በሚሄደው የእግረኛና የከብት መንገድ መጓዝ ስለምንፈልግ ከዚያ ይረዝማል። ጉዞው የሚጀመረው የአካባቢው ሁኔታ ሲፈቅድ መሆኑ የታወቀ ነው፤ እስከዚያው ግን ዝግጅቱን አስበንበት ብንጨርስ ይሻላል ብለናል።

ሐሳቡ ከየት እንደ መጣ ላስረዳ። እስከ ዛሬ እንግዳ ወደ ጢስ ዓባይ የሚሄደው በመኪና ነው። መስኮት ዘግቶ ይሄዳል፤ ወርዶ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ይሻገራል፤ ፏፏቴውን ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። በመስከረም ከሆነ ጢሱ ከሩቅ ስለሚታይ ደስ ብሎት ይመለሳል። በበጋ ከሆነ ግን ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ገደል ላይ ቀጭን ውኃ ሲወርድ አይቶ «ይኸው ነው?» ይለኛል። በ1964 እና በ2001 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ውኃውን ከፏፏቴው በላይ እንደሚጠልፉት፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ ከሐይቁ በሌላ አቅጣጫ እንደሚወስድ አስረድቼ አስረድቼ አፌ ደርቋል። እንግዳው በመስኮት ያለፈው ነገር ግን ከፏፏቴው የሚያንስ አይደለም፦ አውድማው፣ የጠላ ቤቱ፣ ከገበያ የሚመለሰው ሰው፣ ከወንዙ ውኃ የምትቀዳው ልጅ። ብስክሌት ይህን ሁሉ በሚታይበት ፍጥነት ያሳልፋል፤ ሞተር ያለው ከሆነ ደግሞ ዕድሜው የገፋ እንግዳም ሳይደክም አብሮ ይጓዛል።

ምክር የምሻው በሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ስለ ባትሪውና ስለ መንገዱ ነው። ሁለተኛውና እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን የሰው ኑሮ ትርኢት እንዳይሆን የሚለው ነው። አራሹ እርፉን ይዞ ሳለ ስድስት ሰው ሄልሜት ደፍቶ ማሳው ዳር ተሰልፎ የሚመለከተው ከሆነ ለእርሱም ለእኛም ነውር ነው። የት እንቁም? ማንን እናስፈቅድ? በየትኛው ወር እንሂድ?

መልስ 1፦ ካቴና

ብስክሌት መጠገን ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የኤሌክትሪኩንም ፈትቼ ገጥሜአለሁ። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ከተማችን ውስጥ ተማሪውም ሠራተኛውም በተራ ብስክሌት ይሄዳል፤ ስለዚህ «ሞተር ለምን አስፈለገ?» የሚላችሁ አይጠፋም። ለጤነኛ ወጣት አያስፈልግም። ለስድሳ ዓመት እንግዳ በፀሐይ ላይ ያስፈልጋል።

ወደ ባትሪው ልግባ። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው 36 ቮልትና 14 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ነው፤ ሲባዛ 500 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሰውንና ብስክሌቱን ጨምሮ 100 ኪሎ የሚመዝን ጭነት 100 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት 27 ዋት ሰዓት ይበቃል፤ ሞተሩ በሙቀት የሚያባክነው ሲታከልበት 35 ያህል ቢሆን ነው። በእናንተ መስመር ላይ ያለው ከፍታና ዝቅታ ስለዚህ ባትሪውን አይጨርሰውም። የሚጨርሰው ልል አፈርና ረጅም ርቀት ነው። እንግዳው ፔዳሉን ለወጉ ያህል እያዞረ ሁሉን ነገር ለሞተሩ ከተወው፣ ደርሶ መልሱን በአንድ ባትሪ አትጨርሱትም፤ ባዶውን ባትሪ እንደገና ለመሙላት ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈልጋል፣ ያውም መብራት ካልጠፋ። የኔ ምክር መሄጃው በብስክሌት፣ መመለሻው በመኪና ይሁን፤ ብስክሌቶቹንም አንድ አይሱዙ ጭኖ ይመልሳቸው። እንግዳው የራሱን ብስክሌት በአውሮፕላን ይዞ ይመጣል ብላችሁም እንዳትጠብቁ፤ ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊትየም ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም።

የክረምቱን ነገር በጥብቅ እነግራችኋለሁ፦ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ በከብት መንገዱ አትሂዱ። ዋልካ ጭቃ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ገብቶ ሲጠቀጠቅ ብስክሌቱ እንደ ግትር በቅሎ ቆሞ ይቀራል፤ 25 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት ደግሞ እንደ ተራው በትከሻ ተሸክመው የሚሻገሩት አይደለም። ጅረት ሲሻገሩም ሞተሩ ያለበት የጎማው መሐል ውኃ ውስጥ መጥለቅ የለበትም። በበጋ ያለው ጠላት የግራር እሾህ ነው፤ ቀዳዳን ከውስጥ የሚደፍን ፈሳሽ በየጎማው አስቀድማችሁ አስሞሉ፤ ጎሚስታ ፍለጋ ከተማ መመለስ ቀኑን ይበላል።

ብዙዎቹ ሞተሮች በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ማገዝ ያቆማሉ። እናንተ 15 ላይ አሳስሯቸው። ድምፅ የሌለው ነገር ከኋላው ሲመጣበት የሚደነግጠው ጥጃ ብቻ አይደለም፤ እንስራ ያዘለች ሴትም ናት።

መልስ 2፦ የአውድማ ዳር ልጅ

የተወለድሁት በዚሁ መስመር ላይ ባለች አንዲት ጎጥ ነው፤ ዛሬ መምህር ነኝ፤ ወላጆቼ ግን አሁንም እዚያው ናቸው። የጠያቂው ሥጋት ተገቢ መሆኑን ከራሴ ቤት በደረሰ ነገር ልመስክር። ልጅ ሳለሁ አንድ አስጎብኚ አምስት እንግዶች አስከትሎ ወደ ግቢያችን ዘለቀ። ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቦ፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሱ ነበር። እንግዶቹ ፎቶ አነሡ። ሰውየውም «ይህ ባህላዊ ሥርዐት ነው» እያለ ሲያስረዳ ሰማሁት። የሞተው አጎቴ ነበር። ያባረራቸው ሰው ግን አልነበረም፤ እንዲያውም አባቴ ቁጭ በሉ ብሎ እህል ውኃ አቀረበላቸው። ሰው አልተቆጣም ማለት ፈቀደ ማለት እንዳልሆነ እወቁልኝ፤ የጎጃም ገበሬ እንግዳን ከደጁ መመለስ ስለሚከብደው ዝም ይላል፣ የሚያወራው እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ የቀበሌ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃችሁም። ደብዳቤው መንገዱን ይከፍትላችኋል፤ ደጁን የሚከፍትላችሁ የቤቱ ባለቤት ነው። በየጎጡ አንድ የተከበረ ሽማግሌ ይዛችሁ፣ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቡና ጠጥታችሁ ተነጋገሩ። ከመነሣታችሁ በፊት በማለዳው ስልክ ደውሉ፦ ሐዘን ካለ፣ ሕመም ካለ፣ ወይም ባለቤቷ አራስ ከሆነች በዚያ በኩል ሳትቆሙ እለፉ።

ወሩን በተመለከተ ያለ ጥርጥር ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፉ ይታጨዳል፤ ቀጥሎ ውቂያ ነው። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ሲደርቅ በሬዎቹ አፋቸው ታስሮ እየዞሩ ያበራያሉ፤ የሚነዳቸው ሰው እየዘፈነ ያበረታታቸዋል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ምርቱን በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ እየበተኑ ገለባውን ለነፋስ ይሰጡታል። ይህ ሥራ ወንፈል ስለሆነ ሰው ይበዛበታል፣ ጨዋታም አለበት፤ እንግዳ ቢጨመር አይከብድም። መንሽ ያዝና ሞክር ይሉታል፤ ገለባው ዓይኑ ውስጥ ሲገባ ይስቁበታል፤ እርሱም ይስቃል። በማሳ ዳር ተሰልፎ ከማየት ይህ ስንት ጊዜ ይሻላል። በእርሻ ወቅት ግን አራሹን አታስቁሙት፤ ዝናብ የሚጠብቀው ሰው የሚባክን ቀን የለውም።

በዓላቱንም ቁጠሩ። በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ29 ለበዓለ ወልድ በሬ አይጠመድም፤ አውድማውም ባዶ ነው። በእነዚህ ቀናት ሰው ወይ ቤተ ክርስቲያን ወይ ማኅበር ላይ ነው፤ ማኅበር ደግሞ የአባላቱ ጸሎትና ጽዋ እንጂ የሚጎበኝ ነገር አይደለም። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ እርጎ አምጡ እንዳትሉ።

አንድ ነገር ግን እንድታሳዩልኝ እፈልጋለሁ፤ ማንም ሲያሳየው አላየሁም። ወንዙ ዳር ስትሄዱ ከአንድ ሥር ወይም ድንጋይ ላይ በገመድ ታስሮ ውኃ ውስጥ የተነከረ ከረጢት ብታገኙ ቆሻሻ መስሏችሁ አትለፉት። ግብጦ ነው። ግብጦ እንዲሁ ቢበላ ሬት ነው፤ እናቴ ትቆላውና በከረጢት ቋጥራ የሚፈስ ውኃ ውስጥ ለብዙ ቀናት ታቆየዋለች። ምሬቱን ወንዙ ጠርጎ ይወስደዋል። እኔ በልጅነቴ ሥራዬ በየማታው ሄጄ አንድ ፍሬ መቅመስ ነበር፤ ምላሴ ላይ መረር ሲለኝ ገመዱን አጥብቄ እመለሳለሁ፤ መምረሩን ሲተው ከረጢቱን አዝዬ ወደ ቤት። ከዚያ በኋላ ልጣጩ በጣት ጫን ሲሉት ሾልኮ ይወጣል፣ በጨውና በበርበሬ ከጠላ ጋር ይቀርባል። ዓባይ ለጎጃም ሰው ምን እንደሆነ ለእንግዳ ለማስረዳት ከፏፏቴው ይልቅ ይህን ከረጢት እመርጣለሁ።

ክፍያው ለልጆች በየመንገዱ ብር በማደል አይሁን፤ ያ ነገር ልጆቹን ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ ያስቀራቸዋል። ለቤቱ እመቤት ለምግቧና ለጊዜዋ አስቀድሞ በተስማማችሁበት ዋጋ በእጇ ክፈሉ። ፎቶ ሲፈለግም የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው፤ አስጎብኚው «ይቻላል» ማለት አይችልም።

መልስ 3፦ ከቪየና

እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ስሆን የምኖረው ኦስትሪያ ነው። በዳኑብ ወንዝ ላይ፣ ሜልክና ክሬምስ በሚባሉት ከተሞች መካከል ቫካው የሚባል ሸለቆ አለ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ርዝመቱ ከእናንተ መስመር ጋር ይቀራረባል፤ በኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚጎበኘውም ብዙ ነው። በድንጋይ የተካበ እርከን ላይ ወይን ይተክላሉ፣ በቆላው አፕሪኮት ያለማሉ።

ከዚያ የወሰድሁት አንድ ነገር አለ። ገበሬው የራሱን ወይን ጠጅ በገዛ ቤቱ እንዲሸጥ በ1784 እ.ኤ.አ. በንጉሠ ነገሥቱ የተፈቀደለት ሲሆን፣ ቤቱ ክፍት መሆኑን የሚያስታውቀው ደጁ ላይ የቅጠል እስር በመስቀል ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሳቄ መጣ፤ በእኛ አገር በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የሚደፋ ጠላ ቤት ትዝ ብሎኝ። ቁም ነገሩ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚከፍት ቤት ጥቂት መሆኑ ነው፤ አንዱ ለጥቂት ሳምንታት ከፍቶ ወደ እርሻው ይመለሳል፣ ሌላው ይተካዋል። አስጎብኚው የማን ቅጠል እንደተሰቀለ አውቆ እንግዳውን ወደዚያ ይወስዳል። እናንተም አንድ ቤት ላይ ብቻ አትቁሙ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይቀያየማል፣ ያቺም እመቤት ሥራዋ ሁሉ እንግዳ መጠበቅ ይሆናል። አራት አምስት ቤቶች ተራ ቢገቡ ለሁሉም ይሻላል።

መልስ 4፦ ባላገሩ

ጢስ ዓባይን ለምን? ሰከላ ሂዱ እንጂ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. የደረሱበት የግሽ ዓባይ ምንጭ ያለው እዚያ ነው (ሕዝቡ ለስንት ዘመን ሲጠመቅበት የኖረውን «አገኘነው» ማለታቸው ይገርመኛል)። አገሩ ደጋ፣ ገብሱ የሚያስጎመጅ፣ ማሩ ነጭ ነው።

ጠያቂ፦ ታንኳ ቀዛፊ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባላገሩ፣ ሰከላን እወደዋለሁ፤ ግን ጸበሉ ዘንድ ሰው እህል ሳይቀምስ በጾም የሚቀርብበት ቦታ ስለሆነ ቁርሱን በልቶ በሞተር የመጣ እንግዳ ይዤ መሄድ አልደፍርም። ቢሆን እንኳ ብስክሌቱን ከሩቅ ትቶ በእግር የሚኬድበት ሌላ ጉዞ ነው።

ካቴና፣ መመለሻው በመኪና ይሆናል፤ ፍጥነቱም 15 ላይ ይታሰራል። ክረምቱን እንዘጋለን። ከቪየና የተጻፈልኝን የተራ ነገር ለባልደረቦቼ አነበብሁላቸው፤ አንደኛው «እንግዲህ ጣሳ የተደፋበትን እያየን ልንሄድ ነዋ» ብሎ ሳቀ፤ እኔ ግን እንዲያው ቢሆን ደስታዬ ነው።

መምህር፣ ስለ አጎትዎ ነፍስ ይማር። ያ አስጎብኚ እኔ አልነበርሁም፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን እኔም እንደዚያ ባደርግ ማንም እንደማይከለክለኝ ሳስብ አፈርሁ። ባይከብድዎ ከወላጅ እናትዎ ጋር ያስተዋውቁኝ። ብስክሌቱን ከተማ ትቼ በእግሬ እመጣለሁ፤ ግብጦው የሚነከርበትን ቀን ብቻ ይንገሩኝ።