ክሮቼራ ቀይሬ ኳኳታው ጠፋ፣ አሁን ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ

ፒካፕ ነጂ፦
ሰላም ሰዎች። ፒካፔ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ስለቅ ከስር ኳ ይል ነበር፣ የኋላ ማርሽ ሳስገባማ ይብስበታል፣ ቀስ ብዬ ስነዳ ደግሞ እንደ ወፍ ጭው ጭው ይላል። ስር ገብቼ ትራንስሚሽኑን (ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ረጅም ዘንግ) በአንድ እጄ፣ ሹካውን (ክሮቼራው የሚገባበትን ባለ ሁለት ጆሮ ጫፍ) በሌላው ይዤ በተቃራኒ ሳወዛውዘው የኋላው ክሮቼራ (ዘንጉ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያያይዘው መስቀል) ይላወሳል፣ የመስቀሉ ጫፎች ላይ ያሉት ቆቦች ዙሪያም ቀይ የዝገት ዱቄት አለ። እና ምን ጋራዥ ያስኬደኛል ብዬ ራሴው ፈታሁት፣ ሶስቱንም ክሮቼራ ቀየርኩ (ትራንስሚሽኑ መሃሉ ላይ ኩሽኔታ ያለው፣ ለሁለት የተከፈለው አይነት ነው)። ኳኳታው ጠፍቷል ተመስገን፣ ግን 60 ሳልፍ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ 80 ላይ መቀመጫው ሁሉ ይነዝረኛል፣ በፊት ይሄ አልነበረም!! ክሮቼራዎቹ ፎርጅድ ይሆኑ እንዴ ወይስ ባላንስ ነው?

ጎማ በጎማ፦
ጎማ ባላንስ ካስደረክ ስንት ጊዜህ ነው? መሪው ከተንቀጠቀጠ የፊት ጎማ ነው፣ መቀመጫ ላይ ከተሰማህ ግን ከኋላ ነው ብዙ ጊዜ። የመሃሉን ኩሽኔታ የያዘውን ጎማም እየው፣ ተሰንጥቆ ከሆነ ትራንስሚሽኑ ሲዞር ይዘላል።

ድሮ መካኒክ፦
ቆይ ጎማ ምናምን ከማለታችን በፊት። ልጄ፣ ስትፈታው ምልክት አድርገህበት ነበር? ከመሃል ኩሽኔታው ኋላ ያለችው ጥርስ ያላት፣ ገባ ወጣ የምትለዋ ቦታስ ተላቃ ነበር ወይ?

ፒካፕ ነጂ፦
ኧረ ጋሼ ምልክት የሚባል ነገር አላደረኩም። አዎ ተላቃ ነበር፣ ግራሶ ልቀባት ብዬ ሙሉ በሙሉ አወጣኋት፣ ከዛ እንደገባች አስገባኋት።

ድሮ መካኒክ፦
እንግዲህ እዛው ጋ ነው ጉዱ። ክሮቼራ ሲታጠፍ እኩል አያዞርም፣ ከካምቢዮ የሚመጣው ዙር እኩል ቢሆንም እንኳ ከክሮቼራው ወዲህ ያለው ዘንግ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቴ ይፈጥናል ሁለቴ ይዘገያል። ደህና መኪና ላይ የማይሰማህ በሌላኛው ጫፍ ያለው ክሮቼራ ያንኑ በተቃራኒው ስለሚሰራው እርስ በርስ ስለሚጣፉ ነው፣ ይሄ የሚሆነው ግን የኋላው ዘንግ የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች አንድ መስመር ላይ ከቆሙ ብቻ። አንተ ጥርሷን ስታላቅቃት አዛንፈህ አስገብተሃታል። 90 ዲግሪ ብትዛነፍ ደግሞ መጣፋቱ ይቀርና ይደማመርብሃል። ስር ግባና በአይንህ እይ፣ ከኩሽኔታው ኋላ ያለውና ዲፈረንሻል ጋ ያለው የዘንጉ ሹካ ጆሮዎቻቸው እኩል ካልተያዩ ፍታና አስተካክል። ዘንጉና ሹካው ላይ የድሮ ፋብሪካ ምልክትም ሊኖር ይችላል፣ ጭቃውን በብሩሽ ጥረግለት።

ሌላ አንድ ነገር። ስታስገባው ቆቦቹን በምን ገፋሃቸው?

ፒካፕ ነጂ፦
ሞርሳ (ዕቃ ጨምድዶ የሚይዝ ማጥበቂያ) የለኝም፣ በመዶሻና በቡሶላ (ቡሎን መፍቻ ኩባያ)። አንዷ ቆብ እምቢ ብላኝ፣ የምትቆልፈዋ ቀለበትም አልገባ ስትል ትንሽ በኃይል ነው ያስገባኋት እውነቱን ለመናገር።

ድሮ መካኒክ፦
ወይ አንተ ልጅ። ቀለበቷ ቦታዋ ላይ ካልተቀመጠች እኮ ምክንያት አላት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቆቡ ውስጥ ካሉት መርፌ የሚያካክሉ ሮለሮች አንዱ ወድቆ ስሩ ተኝቷል ማለት ነው። ለዛ ነው ሮለሮቹን በግራሶ ግድግዳው ላይ አጣብቀህ፣ መስቀሉን ከውስጥ በኩል ወደምታስገባው ቆብ አስጠግተህ ይዘህ ቀስ እያልክ የምትገፋው። ሞርሳ ተዋስ፣ በአንድ በኩል ከቆቡ የምታንስ ቡሶላ በሌላው በኩል ቆቡን የምትውጥ ትልቅ ቡሶላ አድርገህ አጥብቀው፣ አንዷ ትገፋለች ሌላዋ ትቀበላለች። ቀለበቶቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ የሹካውን ጆሮ በመዶሻ ለስለስ አድርገህ መታ መታ አድርገው፣ መስቀሉ በአራቱም አቅጣጫ ሳይያዝ ሳይቆራረጥ በእጅህ መታጠፍ አለበት። ቱቦውን ግን እንዳትመታ፣ ከጎበጠ ባላንሱ አለቀ።

ጎማ በጎማ፦
በነገራችን ላይ ትራንስሚሽን ስትፈቱ ማርሽ አስገብቶ ማቆም ምንም አይጠቅምም፣ የኋላ ጎማና ካምቢዮው ተለያይተዋላ። እኔ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ቦታ ላይ ፈትቼ የመጨረሻው ቡሎን ሲወጣ መኪናው ከላዬ መሄድ ሲጀምር ነው የገባኝ፣ እግሬን ለጥቂት አተረፍኩ። ጎማ ስር ድንጋይ ወይ ጣውላ አድርጉ የኔ ጌታ።

ፒካፕ ነጂ፦
ፈታሁት ጋሼ! እንዳልከው ጥርሷ በሁለት ተዛንፋ ነበር፣ ሹካዎቹ ሲታዩ ትንሽ ጠመም ያሉ ይመስላሉ እንጂ ካልነገሩህ አይታወቅም። ያቺ እምቢ ያለችኝን ቆብ ሳወጣት ደግሞ ሮለሯ ስሩ ላይ ተኝታ ተጨፍልቃለች፣ ስለዚህ ያንን ክሮቼራ አዲስ ገዛሁ። አሁን በነጭ ቀለም ሁሉም ጋ ምልክት አድርጌያለሁ፣ ዘንጉ በቡሎን የሚታሰርበትን ፍላንጅም ጨምሮ። 100 ነዳሁት፣ ጸጥ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ኒፕል (ግራሶ መስጫ ጫፍ) ያለው ክሮቼራ ነውና ግራሶ ስንት ልስጠው?

ድሮ መካኒክ፦
ጎሽ። በቁጥር አይደለም፣ ከአራቱም ቆብ አዲስ ግራሶ ብቅ እስኪል ነው የምትሰጠው፣ ውሃ ውስጥ ካለፍክ ደግሞ ቀኑን ሳትጠብቅ ድገመው። ከሶስቱ ወጥቶ ከአንዱ እምቢ ካለ ዘንጉን እያወዛወዝክ ሞክር። አሁንም ካልወጣ ያ ቆብ ደረቅ ነው፣ ቀድሞ የሚበላውም እሱ ነው።