የኢያሪኮ ቅጥርና የአሻንጉሊት መለከት፦ መጨረሻው ሳንሱር ነው?

የድሮ ፊልም ወዳጅ፦
ሰላም ወገኖች። ቅዳሜ ማታ ለእማዬ «ኢት ሀፕንድ ዋን ናይት»ን አሳየኋት። እ.ኤ.አ. የ1934ቱን፣ ክላርክ ጌብልና ክሎዴት ኮልበርት ያሉበትን። እንግሊዝኛ ስለማትሰማ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አስተረጉማለሁ።

ላላያችሁት፦ ኤሊ የምትባል የሀብታም ልጅ አባቷ ያልወደደውን ሰው አግብታ ማያሚ ላይ ከአባቷ ጀልባ ዘላ ታመልጣለች። ወደ ኒውዮርክ በአውቶቡስ ስትሄድ ፒተር የሚባል ከሥራ የተባረረ ጋዜጠኛ ጎኗ ይቀመጣል። ብር ስላነሳቸው ባልና ሚስት ነን ብለው አንድ ክፍል ይይዛሉ። እሱ መሃል ላይ ገመድ ወጥሮ ብርድ ልብስ ይሰቅላል። «የኢያሪኮ ቅጥር» ይለዋል። አይዞሽ፣ እንደ ኢያሱ መለከት የለኝም ይላታል።

እማዬ መለከት ስትሰማ ገና ፈገግ አለች። «ይሄማ ይፈርሳል» አለች። ዶናት ቡና ውስጥ እንዴት እንደሚነከር ሲያስተምራት ደግሞ፣ «ዳቦ በሻይ ነክራ አታውቅም እንዴ ይቺ ልጅ?» ብላ አዘነችላት።

ጥያቄዬ መጨረሻው ላይ ነው። የማረፊያው ባለቤቶች ደጅ ቆመው ያወራሉ። ገመድና ብርድ ልብስ ፈለጉ፣ የአሻንጉሊት መለከትም አስገዙኝ ይላል ባልየው። ጥሩምባው ይነፋል፣ ብርድ ልብሱ ዱብ ይላል፣ አለቀ። ሁለቱን አንድ ላይ እንኳ አናያቸውም። ሳንሱር ነው?

ፊልም ቤት የከረመ፦
ሙሉ በሙሉ አይደለም። የሄይስ ደንብ፣ ማለትም የሆሊውድ የፊልም ሳንሱር ደንብ፣ የወጣው በ1930 ቢሆንም የምር የጠበቀው በ1934 አጋማሽ ላይ ነው። ይሄ ፊልም የካቲት ላይ ወጥቶ ነበር። ጌብል ሸሚዙን ሲያወልቅ ካናቴራ እንኳ የለውም፣ ማንም አልቆረጠውም። እኔ እንደሚመስለኝ ዳይሬክተሩ ካፕራ መለከት የለኝም የሚለውን ነገር አስቀድሞ የዘራው መጨረሻ ላይ ሊያጭደው ነው። ሰዎቹን ቢያሳይ ቀልዱ ይሞት ነበር።

በነገራችን ላይ ኮልበርት ፊልሙን አልወደደችውም። በአራት ሳምንት እንዲያልቅና 50,000 ዶላር እንዲከፈላት ተደራድራ ነው የገባችው። ኦስካር ስታሸንፍ ወደ ኒውዮርክ ልትሄድ ባቡር ጣቢያ ነበረች። ከዚያ ጠርተዋት በመንገድ ልብሷ መጥታ ተቀበለች። ፊልሙ ዋና ዋናዎቹን አምስቱንም የኦስካር ሽልማቶች ወሰደ።

ሻይ በቅርንፉድ፦
ሁላችሁም ስታሞግሱ አንድ ነገር ዘለላችሁ። ፒተር ለአባትየው፣ ልጅህን በቀን አንዴ የሚመታት ወንድ ነው የሚያስፈልጋት ይላል። እኔ እዚያ ላይ ቀዘቀዝኩ። ጥሩው ነገር አባትየው ልጁን ላገኘለት ሰው ያዘጋጀውን የ10,000 ዶላር ሽልማት ትቶ መንገድ ላይ ያወጣትን 39 ዶላር ከ60 ሳንቲም ብቻ መጠየቁ ነው። ቤንዚኑን ሳይቀር ቆጥሮ! ግን እናትህ ያንን የዱላ ነገር ስትሰማ ምን አለች?

የድሮ ፊልም ወዳጅ፦
እህቴ፣ አጋለጥሽኝ። አልተረጎምኩላትም። «ምን አለ?» ስትለኝ «እወዳታለሁ አለ» አልኳት። ደግነቱ ትንሽ ቆይቶ አባትየው ሲያፋጥጠው እውነትም እወዳታለሁ ብሎ ጮኸ። እማዬ ግን ነቄ ናት፦ «ቅድምም እንዲህ ነበር ያልከኝ፤ ያኔ ፊቱ እንደዚህ አልነበረም» አለችኝ።

አባትየው በድጋሚ በተደገሰው ሠርግ ላይ ልጁን ወደዚያ ወዳልወደደው ሙሽራ እየመራ፣ ማምለጫ መኪና በር ላይ ቆሞልሻል ብሎ ሲያንሾካሹክላት ግን ጉልበቷን መታ መታ አድርጋ «እሰይ!» አለች። እሱን በትክክል ነው የተረጎምኩት፣ እምላለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምን ላሳያት?

ፊልም ቤት የከረመ፦
«ብሪንጊንግ አፕ ቤቢ»፣ የ1938ቱን። ካሪ ግራንት፣ ካትሪን ሄፕበርን፣ ደግሞ ነብር አለ።

የድሮ ፊልም ወዳጅ፦
ነገርኳት። «ነብሩስ ይናገራል?» አለች። አይ፣ ይጮሃል እንጂ አልኳት። «እንግዲያው ከእሱ ጋር ያለ አንተ እንግባባለን።»