የባሕር ውኃ ፓምፕ ኢምፔለር ከፋይበር ናይሎን ታትሞ ለጊዜው ቢገጠም ይሠራልን?

ሁለተኛ መሐንዲስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የደረቅ ጭነት መርከብ ላይ አገለግላለሁ። ከማቀዝቀዣ ባሕር ውኃ ፓምፖቻችን የአንዱ የነሐስ ኢምፔለር (ውኃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ተሽከርካሪ) በካቪቴሽን (በውኃው ውስጥ የሚፈጠሩ የእንፋሎት አረፋዎች ሲፈነዱ በሚያደርሱት ጉዳት) ተበልቶ ሁለት ክንፎቹ ተሰብረዋል፤ መለዋወጫው ሲንጋፖር የሚደርሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ኢምፔለሩ 240 ሚሊሜትር ዲያሜትር ሲኖረው በደቂቃ 1,750 ጊዜ ይዞራል። በመርከቡ ላይ ስሪዲ ፕሪንተርና የካርቦን ፋይበር ቁርጥራጭ የተቀላቀለበት ናይሎን ስላለን፣ የቀረው ፓምፕ ቢቆም የምንጠቀምበት መጠባበቂያ ማተም አስቤያለሁ። የምሰጋው በሽክርክሪቱ ኃይል እንዳይበታተን ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የፖሊመር መምህር፦
የሰጉበት ነገር ከችግሮቹ ሁሉ ቀላሉ ነው። የኢምፔለርዎ ጠርዝ በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ናይሎን ደግሞ ከነሐስ በሰባት እጥፍ ገደማ ስለሚቀልል፣ በዚህ ፍጥነት የሚደርስበት ጭንቀት ከ1 ሜጋፓስካል አይበልጥም። አስቸጋሪው ውኃው ራሱ ነው። ናይሎን 6 በውኃ ሲጠግብ ከክብደቱ እስከ 9 በመቶ ሊመጥ ይችላል፤ ያብጣል፣ ይለሰልሳልም። የመግቢያ ቀለበቱ 150 ሚሊሜትር ቢሆንና አንድ በመቶ ብቻ ቢያብጥ 1.5 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ በዚያ ቦታ ያለው ክፍተት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም ስለማይርቅ ከፓምፑ ቤት ጋር ይፋተጋል። ናይሎን 12 የሚመጠው ከ2 በመቶ በታች ስለሆነ፣ ካገኙ እሱን ይምረጡ። የካርቦን ፋይበርም ለዚህ ቦታ አይመቸኝም፤ ላዩ ሲፋቅ የሚጋለጠው ካርቦን በባሕር ውኃ ውስጥ የሚነካውን ብረት ያስበላዋል። የመስታወት ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ይህ ጣጣ የለበትም።

በመጀመሪያ የሚሰነጠቀው ኪይ (ኢምፔለሩን ከዘንጉ ጋር የሚያይዘው ቁራጭ ብረት) የሚገባበት ቦይ ነው። ስለዚህ መሐሉን በቶርኖ ከተሠራ የነሐስ ቡሽንግ (ዘንጉ የሚገባበት ቀለበት) ያድርጉት፤ የታተመው አካል በቡሽንጉ ላይ በብሎን ይታሰር እንጂ ኪዩ ፕላስቲኩን በቀጥታ አይግፋው።

ጀማሪ፦
ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባና፣ ሲመንስ በ2017 እ.ኤ.አ. በስሎቬኒያው የክርሽኮ ኑክሌር ጣቢያ 108 ሚሊሜትር የሆነ የእሳት መከላከያ ፓምፕ ኢምፔለር አትሞ ገጥሞ የለምን? እዚያ ከተፈቀደ መርከብ ላይ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ?

ጡረተኛ ዋና መሐንዲስ፦
ያ ከብረት ዱቄት የታተመ፣ ተፈትሾም የተገጠመ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የሚያመሳስላቸው። በመርከብ የእሳት ፓምፕ ውስጥ የታተመ ናይሎን ማስገባት ጭራሽ መታሰብ የለበትም።

ወደ አንተ ልመለስ፣ ወንድሜ። ማጣሪያው ያለው ከፓምፑ በፊት መሆኑን አትርሳ። የታተመው ክንፍ ሲሰበር ስብርባሪውን የሚይዝልህ ነገር የለም፤ በቀጥታ ፕሌት ኩለሩ (ባሕር ውኃው የሚያልፍበት ባለ ስስ ሰሌዳ ማቀዝቀዣ) ውስጥ ገብቶ ይሰካል፣ ያን ጊዜ ደህነኛውም ፓምፕ ዋጋ የለውም። በመውጫው ቱቦ ላይ ጊዜያዊ ወንፊት ሳታበጅ እንዳታስነሳው። ኢንቨርተር (የፓምፑን ፍጥነት የሚቀንስ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ) ካላችሁ ደግሞ ከ60 ወደ 45 ኸርዝ አውርደው፤ ፍሰቱ ወደ ሦስት አራተኛ ሲወርድ ግፊቱ ወደ 56 በመቶ ስለሚወርድ ክንፉ ብዙ ያርፋል። የመርከቡንም ዋና ሞተር በዚያው ልክ ጭነቱን ቀንሰህ ንዳ። ለኩባንያውና ለክላስ (የመርከቡን ደኅንነት ለሚመረምረው ድርጅት) ሳታሳውቅ ግን አትግጠመው፤ የኢንሹራንስ ነገር ኋላ ያስቸግራል።

በእኔ ግምት ፕሪንተሩ ይበልጥ የሚጠቅምህ በሌላ መንገድ ነው። ኢምፔለሩን ለክተህ ለነሐስ ማፍሰሻ የሚሆን ሞዴሉን አትም፤ ነሐስ ሲቀዘቅዝ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ስለሚኮማተር በዚያው ልክ አሳድገው፣ በቶርኖ ለሚፋቀውም ትርፍ ተውለት። ቀጣዩ ወደብ ላይ ነሐስ የሚያቀልጥ ወርክሾፕ ካለ፣ በአሸዋ ፎርማ አፍስሶ በጥቂት ቀናት ሊያስረክብህ ይችላል።

ሁለተኛ መሐንዲስ፦
አመሰግናለሁ። ወኪላችን በቀጣዩ ወደብ ነሐስ አቅላጭ እንዳለ አረጋግጦልኛል፤ ሞዴሉን ዛሬ ማታ ማተም እጀምራለሁ። የናይሎኑን ኢምፔለር ከነሐስ ቡሽንጉ ጋር አዘጋጅቼ፣ ክላስ ከፈቀደ ብቻ የሚገጠም ብዬ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠዋለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር፦ ከተሰበሩት ክንፎች አንዱ ግማሹ ጠፍቷል። ከደህነኛው ክንፍ ለክቼ በዘንጉ ዙሪያ ባባዛው ይበቃል፣ ወይስ ደህነኛውም ተበልቶ ሊሆን ይችላል?

ጡረተኛ ዋና መሐንዲስ፦
በእርግጥ ተበልቷል። ከመግቢያው ጠርዝ ሳይሆን ከክንፉ መሐል ለካ፤ የመግቢያውን ውፍረት ከፓምፑ ማኑዋል ሥዕል ውሰድ።