ኪራይ 9 ሺህ፣ የባንክ ክፍያ 26 ሺህ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ እንዴት ነው የምትችሉት?

ጥያቄ (የሁለት ልጆች አባት፣ ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም። ሆጤ አካባቢ ሁለት ክፍልና ማድ ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። በወር 9,000 ብር እንከፍላለን። መብራት ለብቻ ነው። ቆጣሪው ከአከራዩ ጋር የጋራ ስለሆነ በየወሩ ጭቅጭቅ አያጣውም። አሁን ደግሞ "ከመስከረም ጀምሮ 11,500 ነው፣ ካልተስማማችሁ..." ተብለናል። ቀሪውን ታውቁታላችሁ።

ኮምቦልቻ ካርታ ያለው አንድ ቤት አግኝተናል። ዋጋው 3,200,000 ነው። በእቁብም በምንም ብለን ያጠራቀምነው 1,200,000 አለን። ቀሪውን 2 ሚሊዮን ከባንክ ልንበደር እያሰብን ነው። የሁለታችን ገቢ ተደምሮ 55,000 ገደማ ይሆናል። ግን የባለቤቴ ከሱቅ ስለሆነ ከወር ወር ይለያያል። የእኔ ሥራ ደሴ ነው።

ቤተሰብ ያላችሁ፣ ኪራይም ሆነ ብድር የምትከፍሉ፣ ከገቢያችሁ ምን ያህሉ ለቤት ይሄዳል? ዘመድ ሁሉ "ኪራይ ማለት ብርህን ቦርከና ወንዝ መጣል ነው" ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ (የጢጣው)

እኛ አምስት ነን፣ 6,500 እንከፍላለን። ከገቢያችን ሩቡ ማለት ነው። ቤቱ ጭቃ ነው፣ ክረምት ላይ በአንድ ጥግ ያንጠባጥባል፣ ግን ሰውየው ሸጋ ሰው ነው። ጥሩ አከራይ ካገኘህ እንዳትነቃነቅ።

መልስ (ሂሳብ ሠራተኛዋ)

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን አብረን እንየው። የባንክህን ወለድ ስላልነገርከን ለምሳሌ 15 በመቶ ነው እንበል። 2 ሚሊዮን ብር በ20 ዓመት ብትበደር በወር የምትከፍለው 26,300 ገደማ ነው። ከ55 ሺህ ገቢያችሁ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

አሁን ዋናውን ነገር ስማኝ። ከመጀመሪያው ወር ክፍያህ 25,000ው ወለድ ነው። ከዕዳህ የሚቀነሰው 1,300 ብር ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ወደ 316,000 ብር ከፍለህ ዕዳህ የሚጎድለው በ17,000 ገደማ ነው። እና ዘመዶችህን ጠይቃቸው፤ ይሄ 25 ሺህስ የት ወንዝ ገባ? መጨረሻ ላይ 2 ሚሊዮን ተበድረህ ከ6.3 ሚሊዮን በላይ ትመልሳለህ።

በ10 ዓመት ብታደርገው የወር ክፍያው 32,300 አካባቢ ይሆናል። ድምሩ ግን 3.9 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። በወር 6 ሺህ ብር ጨምረህ ወደ 2.4 ሚሊዮን ታተርፋለህ ማለት ነው። ችግሩ 32 ሺህ ከፍላችሁ በቀሪው ልጆች ታስተምራላችሁ ወይ ነው።

የኪራዩንም እውነት ልንገርህ። 9,000ው በየዓመቱ 15 በመቶ ቢጨመርበት በ8 ዓመት ውስጥ 27 ሺህ ያልፋል። የባንኩ ክፍያ ግን ወለዱ ካልተነካ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ብድር መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ያንቃል፣ እየቆየ ይላላል። ኪራይ ተቃራኒው ነው። ውሳኔህ መሆን ያለበት "የትኛው ይረክሳል" አይደለም፤ "የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ዓመታት ሳንታመም፣ ሱቁም ሳይቀዘቅዝ መሻገር እንችላለን ወይ" ነው። እኔ በበኩሌ በዚህ ገቢ 2 ሚሊዮን አልበደርም። 1 ሚሊዮን ቢሆን ግን በ20 ዓመት 13 ሺህ ገደማ ነው፣ ያስኬዳል።

መልስ (ከኮምቦልቻ፣ የባንክ ሰው)

እህታችን ልክ ናት። አንድ ነገር ልጨምር። የባንክ ሠራተኛ ጓደኛ ካለህ እሱ የሚከፍለውን ሰምተህ እንዳትሸወድ። እኛ የምንበደረው በሠራተኛ ቅናሽ ወለድ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቤተሰቦች ተመሳሳይ ቤት ይዘው አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊከፍል ይችላል።

ሁለተኛ፣ የባለቤትህን የሱቅ ገቢ ባንኩ አንተ እንደምታስበው ሙሉ በሙሉ አይቆጥረውም። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የሂሳብ እንቅስቃሴ ይጠይቃል። በእጅ የሚገባና የሚወጣ ብር ለባንክ እንደሌለ ነው። ከአሁኑ ሽያጩን በሂሳብ ቁጥሯ ታስገባ።

ሦስተኛ፣ ቤቱን የሚገምተው የባንኩ መሐንዲስ ነው። ሻጩ 3.2 ሚሊዮን ቢልህም መሐንዲሱ ዝቅ አድርጎ ሊገምት ይችላል። ልዩነቱ ከኪስህ ነው። ውሉ ላይ ደግሞ ባንኩ ወለዱን ማሻሻል ይችላል የሚል አንቀጽ እንዳለ አይተህ ፈርም። ብዙ ሰው እሷን ገጽ ሳያነብ ነው የሚያልፋት።

መልስ (ጀመዓ)

ወለድ ለማይፈልግ ሰው ሌላም መንገድ አለ። ከወለድ ነፃ ባንኮች አሉ፣ በ2013 ሥራ የጀመረው ዘምዘም አለ፣ ሂጅራም አለ። መደበኛ ባንኮችም የራሳቸው መስኮት አላቸው። በሙራባሃ ባንኩ ቤቱን ይገዛና ትርፉን ጨምሮ በቁርጥ ዋጋ ይሸጥልሃል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ መሀል ላይ አይጨምርም። ግን ነፃ ማለት ርካሽ ማለት አይደለም፣ ትርፉ ወፍራም ሊሆን ይችላል። ጠቅላላ ዋጋውን በወረቀት ይስጡህና ከሌላው ጋር አስተያየው። አብሽር፣ ለመጠየቅ አይከፈልም።

መልስ (ሐረጎን የማውቃት)

ሥራህ ደሴ ሆኖ ኮምቦልቻ ልትገባ ነው? ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ግን በመሀል ያለውን የሐረጎ ተራራ ቁልቁለትና ጉም በክረምት ሞክረው። የሚኒባስ ሂሳብ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በወር 22 የሥራ ቀን፣ ቁርስና ምሳም ውጪ ስትበላ። ይሄን ሁሉ ከባንክ ክፍያው ጎን ጻፈው። ባለቤትህስ? ሱቁ ደሴ ከሆነ ሁለታችሁም ትመላለሳላችሁ። በሌላ በኩል ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፣ የከሰል ወጪያችሁ ይቀንሳል (ይሄ ቀልድ አይደለም፣ የደሴ ክረምት ከሰል ይበላል)።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልን። ሱቁ ደሴ ነው፣ አራዳ። የትራንስፖርቱን አላሰብኩትም ነበር ብል ይቀላል። 1 ሚሊዮን ብቻ ተበድሮስ ምን ዓይነት ቤት ይገኛል?

መልስ (ሮቶ)

በ2.2 ሚሊዮን ያለቀ ቤት ከመፈለግ ያልተጨረሰ ፈልግ። እኛ የገዛነው ሰርቪስ ቤት ብቻ የተሠራበት ቦታ ነው። ሁለት ክፍል፣ ወለሉ ሊሾ እንኳ ሳይሆን ገባን። ዋናው ቤት መሠረቱ ወጥቶ ቆሟል፣ ብር ሲገኝ ብሎኬት እንደረድራለን። ከኪራይ ወጣን፣ ዕዳችንም ትንሽ ነው። እንግዳ ሲመጣ ግን አልጋው ላይ ነው የምናስቀምጠው፣ አልደብቅህም።

ደሴ ላይ ስትፈልግ ቦታው ተዳፋት መሆኑን እይ። ርካሽ የሚመስለው ቦታ ድጋፍ ግንብ ሲጠይቅ የቤቱን ግማሽ ይበላል። ጎርፉ በየት እንደሚወርድ ለማወቅ ሐምሌ ላይ ሄዶ ማየት ነው። በበጋ ሁሉም ቦታ ሸጋ ነው።

መልስ (ሂሳብ ሠራተኛዋ)

እስክትወስኑ ድረስ ኪራዩን በተመለከተ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከ2 ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። ጭማሪም አከራዩ ባሻው ጊዜ የሚያደርገው አይደለም። በክልል ከተሞች የት የት እንደሚሠራበት የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ ከተማ አስተዳደሩ ጋ ሄደህ ጠይቅ። ለአከራይህም በሰላም ንገረው፤ 11,500 ካለ ለ2 ዓመት እንዳይነካ በውል እሰረው።

መልስ (ከኮምቦልቻ፣ የባንክ ሰው)

ቤት ካገኛችሁ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን በጽሑፍ አስወጡ። ካርታው ላይ ያለውን ስፋት በሜትር ለኩ፣ አጥሩ ከካርታው አልፎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሊዝ ከሆነ ቀሪ የሊዝ ክፍያ ስንት እንዳለ ጠይቁ። ስም ለማዛወር የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ አለ፣ በ3.2 ሚሊዮን ቤት 64,000 ብር ነው። ሻጩ የሚከፍለውን ግብር ገዢው ላይ የሚጥልም አለና ማን ምን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። የደላላውንም አትርሱ።